የወጨጫ ጉዟችን ይታረም እንጂ ሰው አይቀነስበት



ሰሞኑን በዚሁ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳታዩት አልቀራችሁም። ለመጪው የወጨጫ ተራራ የእግር ጉዞ ዕድሜው ከ55 ዓመት በላይ የሆነ ሰው እንዳይመዘገብ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ለሰው ከማሰብ የመጣ መሆኑን አልክድም። ይሁንና ባለፈው ጥቅምት የሆነውን በዓይኔ ያየሁ፣ ከጥፋቱም ድርሻ ያለኝ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከሱባ ደን ተነስተን ሽቅብ እንጀምራለን ተባብለን ነበር። አንዱ ሲጠበቅ፣ ሌላው ስንቁን ሲያስር 4 ሰዓት ሆነ። ወደ ሠላሳ ሰዎች ነበርን። ገና ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ሰልፉ ተበጣጠሰ፤ ወጣቶቹና እንደ እኔ ያለው ‹‹አይደክመኝም›› ባይ ወደፊት፣ ሌላው ወደኋላ። ጫፉ ላይ ደርሰን ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦ ቆረስን፣ ተሳሳቅን። ስንመለስ ‹‹በዚህ ያቋርጣል›› ተብሎ በሌላ መንገድ ወረድን። አውቶቡሱ ጋ ደርሰን ስንቆጠር አንድ ሰው ጎደለ፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን።

ሊጨልም ሲል፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ አንድ የጽድ ግንድ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘናቸው። በስስ ሹራብ ነበሩ፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣቸዋል። ‹‹ጋሼ፣ ምነው አልተጣሩም?›› ብንላቸው፣ ‹‹ድምፃችሁንማ ሰምቼ ነበር፤ እየራቀ ሲሄድ ተውኩት›› አሉን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ ልጠይቅ፤ ጥፋቱ የእሳቸው ዕድሜ ነው? እኔ በበኩሌ አይመስለኝም። የአካሄዳችን ጥፋት ነው። በዚያ ዕለት እሳቸው ቀርተው አንድ ጎረምሳ እግሩ ወለም ቢለው ኖሮ ያው ብቻውን ይቀር ነበር። ጎረምሳም ይከልከል ልንል ነው?

ወጨጫ ቀልድ አይደለም። ጫፉ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል፤ ከከተማችን ወደ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የሚተነፈሰው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ሲነጻጸር ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። ብርዱም በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ላብ የጠጣ ልብስ ለብሶ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ይብስበታል። ጫካው ውስጥ ጽዱና ዝግባው ሰማዩን ስለሚሸፍን፣ ሜዳው ላይ ገና ብርሃን ሳለ ከዛፉ ሥር ይመሻል።

ሰዓቱንም አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት። ለምሳሌ መንገዱ 7 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 900 ሜትር ቢሆን መውጣቱ ብቻ ወደ 3 ሰዓት ይፈጃል። ያውም ሳያርፍ ለሚሄድ ብርቱ ሰው! ልጅና አዛውንት ይዞ፣ ቁልቁለቱንም ደምሮ፣ በ4 ሰዓት የሚነሳ ሰው ከጨለማ ጋር ቀጠሮ ይዟል ማለት ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው በዕድሜ ፈንታ እነዚህን ደንቦች ቢያወጣ እላለሁ።

አንደኛ፣ ከፊት የሚሄደው ከሁሉም ቀርፋፋው ሰው ይሁን፤ ማንም አይቅደመው። ከኋላ ደግሞ ሁለት ብርቱ ሰዎች ይመደቡ፤ ማንም ከእነሱ ኋላ አይቅር።

ሁለተኛ፣ መንገድ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ሁሉም ቆሞ ይቆጠር። አቋራጭ የለም። አቋራጩ ሰው ከማጥፋቱም በላይ ሣሩን እየነቀለ፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ 8 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንመለስ። ጫፉ አይሄድም፤ ለሌላ ጊዜ ያቆየናል።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ ሰው ደረቅ ሹራብ፣ ውኃና የእጅ ባትሪ ይያዝ። የሌለው ይንገረን፤ ጎረቤት አይደለን?

አንዳንዱ ‹‹እንዲህ ከሆነማ ጫፉ ላይ ላንደርስ ነው›› ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አንዳንዴ አንደርስም። ግን ያን ቀን ልጆቻችንን ይህ ጽድ ነው፣ ይህ ወይራ፣ ይህ ኮሶ፣ ከፍ ሲል ደግሞ አስታ ታያላችሁ እያሉ ያስተማሯቸው፣ ጉሬዛዋን በጣታቸው ያሳዩዋቸው እኚሁ ጋሼ ነበሩ። የዚያ ደን ጽድ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ የሚነገረውን ታሪክም ከእሳቸው ነው የሰማነው። እሳቸውን ከልክለን ጫፍ ብንደርስ ምን ይዘን እንመለሳለን?

ጋሼ ማስታወቂያውን አንብበው ምንም ሳይሉ ወደ ቤታቸው ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። ዝም ያሉት ያን ዕለት ጫካው ውስጥ እንዳሉት ነው። ከዚህ በፊት ሳንሰማቸው ርቀን ሄደናል፤ አሁን ግን ደጃቸው ላይ ነን። የመጪው ጉዞ መዝገብ ሲከፈት የመጀመሪያው ስም የእሳቸው እንዲሆን፣ ከፊትም እሳቸው እንዲመሩን ኮሚቴውን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ