አውሬው ልዑል እስኪሆን



በወልቂጤና በቡታጅራ ያሉ ወጣት እህቶቻችን ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ። «ክርስቲያናዊ የፍቅር ልብ ወለድ ማንበብ ኃጢአት ነው?» ይሉናል። መጻሕፍቱ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ ናቸው። «ልብ ወለድ ውሸት ነው» ብለው በአንድ ቃል የሚዘጉ ወገኖች አሉ፤ እኛ ግን ከእነርሱ ጋር አንስማማም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን የገሠጸው ስለ ድሃው ሰውና ስለ አንዲት በጉ በተነገረ ታሪክ ነው (2ኛ ሳሙ. 12)። ኢዮአታምም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ዛፎች ንጉሥ ሲፈልጉ ተርኳል (መሳ. 9)። ስለዚህ ጥያቄያችን ታሪኩ ተፈጥሯል ወይስ አልተፈጠረም የሚል አይደለም። ታሪኩ አንባቢዋን ወዴት ይወስዳታል ነው።

አሜሪካዊቷ ሜላኒ ዲከርሰን በዚህ ዘርፍ ታዋቂ ናት። በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመው «የነጋዴው ልጅ» የተባለው መጽሐፏ የውቢቷንና የአውሬውን ጥንታዊ ተረት ወስዶ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ይተርከዋል። ልጅቷ መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ የተራበች ናት። ፊቱ በጠባሳ የተበላሸው ጌታ ደግሞ መጽሐፉ አለው፤ እርሷም ታነብለታለች። ንጹሕ ታሪክ ነው፤ የሚያሳፍር ገጽ ፈልጎ የሚያነብ ሰው ይሰለቻል።

እንዲህ ያለው ታሪክ ከውጭ ብቻ የመጣ እንዳይመስለን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ያው ነው። የወንድ ልብስ የለበሰች ክርስቲያን ልጃገረድ አለችበት። አረመኔው ንጉሥ ወደዳት፤ ስለ እርሷም ክርስቲያን ሆነ፤ ሕዝቡም ተከተለው። ያስደስታል፣ እኛም ወደነዋል።

የሚያሳስበን ይህ ታሪክ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ እጮኝነት ሲገባ ነው። በምክር ክፍል የሚቀመጡ እህቶች ስለ አንድ ወንድም ያወሩናል። ጌታን አያውቅም፤ ወይም ይጠጣል፤ ወይም ሲቆጣ እጁን ያነሣል። «እጸልይለታለሁ፣ በእኔ በኩል ጌታ ይለውጠዋል» ይላሉ። አውሬው በፍቅር ልዑል ይሆናል ማለት ነው። ጸሎቱን አንከለክልም፤ ጌታም ሰውን ይለውጣል፤ ግን ተስፋው የት ተጻፈ? ጴጥሮስ ያለ ቃል በሚስቶች ኑሮ ስለሚማረኩ ባሎች የጻፈው ቀድሞ ለተጋቡት ነው (1ኛ ጴጥ. 3፥1)። ጳውሎስም ለተጋቡት እንኳ ዋስትና አልሰጠም፤ ባልሽን ታድኚ እንደ ሆነ ምን ታውቂያለሽ ብሎ በጥያቄ ተወው እንጂ (1ኛ ቆሮ. 7፥16)። ለሠርጉ ሲል ለጥምቀት ስሙን ያስመዘገበ ወጣት ሲመጣ፣ የሠርጉን ቀን አርቀን ደቀ መዝሙርነቱን እናስቀድም የምንለውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ይቀየመናል፤ ይቀየም።

የእኛ አገር ተረት በዚህ ነገር ጠንቃቃ ነው። የአንበሳውን ጸጉር ተረት የማያውቅ የለም፤ አንዳንዱ ስለ እንጀራ ልጅ፣ አንዳንዱ ስለ ባል ይተርከዋል። ሴትየዋ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ሽማግሌው ትሄዳለች። የአንበሳ ጸጉር አምጪ ትባላለች። ሥጋ እየጣለች ቀስ በቀስ ትቀርበዋለች። ጸጉሩንም ትነቅላለች። ልብ በሉ፣ አንበሳው እስከ መጨረሻው አንበሳ ነው! ልዑል አልሆነም። ሴትየዋም ወደ ቤቷ ተመለሰች እንጂ አንበሳውን አላገባችም።

ጉራጌ ደግሞ የቃቄ ውርድወት አለችው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሙሁር ምድር የነበረች ሴት ናት። በመድረክም በልብ ወለድም ታሪኳ ቀርቧል። ወንድ በሚስት ላይ ሚስት ሲጨምር ሴቲቱ ግን በፈቃዷ መፍታት ስትከለከል አይታ፣ ጉዳዩን በጆካ ሸንጎ በሽማግሌዎች ፊት አቆመችው። የእርሷ ታሪክ ከሠርጉ በኋላ ይጀምራል፤ ተረቶቹ በሚያበቁበት ስፍራ ማለት ነው። ወንጌል የገባው ብዕረኛ ወጣት ካለ፣ እንዲህ ያለውን ታሪክ በእምነት ዓይን ቢጽፍልን እንወዳለን፤ ከእንግሊዝ ግንብ ይልቅ የእንሰት ጓሮ ያለበትን።

የሩትን መጽሐፍ ከእነዚህ መጻሕፍት ጎን አስቀምጣችሁ አንብቡት። ሩት ቦዔዝን ደግ አላደረገችውም፤ ደግ ሆኖ አገኘችው። በምዕራፍ 2 ገና ስለ ጋብቻ ሳይነሣ፣ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ይላል፣ ጐልማሶቹ መጻተኛዋን እንዳይነኩ ያዝዛል፣ ውኃ እንድትጠጣ ይፈቅዳል። በምዕራፍ 4 ደግሞ በጨለማ የሰጠውን ቃል ይዞ ወደ ከተማዪቱ በር ወጣ፤ ዐሥር ሽማግሌዎችን አስቀምጦ በአደባባይ ጨረሰው።

መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባ የሚመለሱት ልጆች አገሩን ይሞሉታል፤ የጋብቻ ወሬም ይነሣል፤ ሽማግሌም ይላካል። እህታችን ሆይ፣ ልብ ወለድሽን አንብቢ። ወንድሙን ግን በሱቁ ተቀጥረው የሚሠሩት ልጆች ምን እንደሚሉት፣ ዕዳ ሲኖርበት እንዴት እንደሚከፍል፣ እናቱን በምን ድምፅ እንደሚያናግራት አስጠይቂ። ሽማግሌዎቹም ይህን ሳይጠይቁ ቡናውን አይጠጡ።