ለየትኛው ውሃ?

«እስቲ ፍረድልኝ» አለኝ ወዳጄ። ገና አቦሉን ፉት ብዬ ሲኒውን አላስቀመጥኩም። «ይሄ ልጅ ወይ በጣም ወዶኛል፣ ወይ ሊገድለኝ ፈልጓል።»

ልጁ የእህቱ ልጅ ነው። ለጥምቀት ከውጭ አገር መጥቶ ሲሬ ሁለት ሳምንት ከረመና ሲመለስ ለአጎቱ ስጦታ ትቶለት ሄደ። ስጦታው ጤፍ ከሞላው ማዳበሪያ ጎን ቆሟል። የታጠፈ ፍራሽ የሚያህል፣ በትከሻ የሚነገት ጥቁር ሻንጣ ነው። ውስጡ በአየር የሚነፋ ካያክ አለ።

«ለመሆኑ ካያክ ምንድን ነው?»

«ቁጭ ብለህ፣ እግርህን ዘርግተህ፣ ሁለት ጫፉ ምላስ ባለው መቅዘፊያ ግራ ቀኝ እያልክ የምትሄድበት ጠባብ ጀልባ ነው።»

«ታዲያ ሲሬ ላይ የት ልሂድበት? ጤፍ ማሳው ላይ?»

ሳቅን። አርሲ በሯጮቹ እንጂ በቀዛፊዎቹ አይታወቅም። እኔ ግን ሐዋሳ ስሠራ ሁለት ዓመት ያህል በሰው ካያክ ተለማምጃለሁና ወዳጄ ዳኛ አድርጎኝ ቀርቷል። ከሻንጣው ላይ ያለውን ጽሑፍ ተረጎምኩለት፦ «ከፍተኛ ብቃት ያለው» ይላል።

«ከፍተኛ ብቃት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ገበያ ላይ ‹ይሄ ጎበዝ በሬ ነው› ቢሉህ ምን ትላለህ?»

«ለምን? እላለሁ። ለእርሻ ነው ወይስ ለቅርጫ?»

«ጀልባም እንደዚያው ነው። ‹ለየትኛው ውሃ?› ሳትል ብቃቱን አትቀበል።»

ዘርግፈን አየናት። ስትነፋ ቁመቷ 4 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ ወርዷ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 13 ኪሎ። አንድ ጎረምሳ ተሸክሟት አይሱዙ ላይ ይወጣል። ሁለት መቀመጫ፣ መቅዘፊያ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ከሥሯ የምትሰካ የዓሣ ክንፍ የመሰለች ነገር፣ መለጠፊያና ማስቲሽ አብረው አሉ። የጎደለም ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ ልብ አላልነውም።

ወዳጄ ወለሉን ዳበሰና በቫልቩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጮለቀ። «ይሄ ሁሉ ክር ለምንድን ነው?»

«የጥጥ ፍራሽ ሲሰፋ አይተሃል? ሰፊው በረጅም መርፌ ከላይ ወደ ታች እየወጋ ካልያዘው ጥጡ አንድ ቦታ ይቆለላል። አየርም ዝም ብለህ ከሞላኸው እንደ ከመነዳሪ ድብልብል ይላል። እዚህ ግን ላዩንና ታቹን ሸራ በሺህ የሚቆጠር ክር ስለያዘው፣ ሲሞላ እንደ ሳንቃ ጠፍጣፋና ደረቅ ይሆናል። ርካሾቹ ይሄ የላቸውም። ስትቀመጥባቸው መሃላቸው ይጎብጣል፣ ውሃውን መሰንጠቅ ትተው ይገፉታል። ‹ብቃት› የሚሉት አንዱ ይሄ ነው፤ እሱስ እውነት ነው።»

ወለሉ እስከ 10 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው)፣ ጎንና ጎኑ እስከ 3 ፒኤስአይ ይሞላ ይላል ጽሑፉ። ወዳጄ ፓምፑን አየና ፊቱን አዞረ። «በዚህ ከምደክም ጎሚስታው ጋ እንውሰዳት፤ በሻይ ዋጋ ይሞላልናል።»

«የአይሱዙ ጎማ በሚሞላበት ኮምፕሬሰር? ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ስፌቷን ይበትነዋል። በእጅህ ንፋ።»

ነፋ። መጀመሪያ እየሳቀ፣ በኋላ ዝም ብሎ፣ መጨረሻ ላይ በሙሉ ክብደቱ ፓምፑ ላይ ተንጠልጥሎ። የሰፈሩ ልጆች ከበው ይቆጥሩለታል። ሞልታ ስትወጠር ግን ከኋላ በኩል «ስስስ» የሚል ድምፅ ሰማን። ያኔ የጎሚስታውን ዘዴ ተዋስን፦ ኦሞ በውሃ መትተን አረፋውን ቫልቩ ዙሪያ ቀባን። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ አረፋ ተነፋች፣ ፈነዳች፣ ደግማ ተነፋች። አስተንፍሰን ፈትተን ብናይ፣ የቫልቩ ጥርስ መሃል አንዲት የጤፍ ፍሬ ተቀርቅራለች።

«ጤፍ ስሟም ከመጥፋት ነው ይላሉ» አለ ወዳጄ፣ በጥፍሩ እያወጣት። «ይቺ ግን ተገኘች።»

የመጀመሪያው ፍርዴ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ ሲሰጣችሁ ወይም ስትገዙ ቀለሟን ትታችሁ ቫልቧን እዩ። ነፍታችሁ አሳድሯት። ጠዋት እንደተወጠረች ካገኛችኋት ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ኦሞ አለ።

«በቃ፣ ተነፍታ አልቃለች» አለ። «እንዲሁ አይሱዙ ላይ አስረን ነገ ላንጋኖ እንውረድ።»

«አይሆንም። አሰላ ላይ ውሃ ጠጥተህ ባዶውን ሃይላንድ ከድነህ መኪና ውስጥ ብትጥለው፣ አዳማ ስትደርስ ምን ሆኖ ታገኘዋለህ?»

«ተጨራምቶ።»

«ማን ጨመደደው?»

ዝም አለ። «እኔ እንጃ። ሙቀቱ?»

«አየሩ ነው። ቆላ ስትወርድ ከላይህ ያለው አየር ይበዛል፣ ይከብዳል። አሰላ 2,430 ሜትር ላይ ናት፣ ላንጋኖ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንደ አሰላ ያለ ደጋ ላይ ነፍተህ ብትወርድ፣ በዚህ ልዩነት ብቻ ጀልባህ 1 ፒኤስአይ ያህል ታጣለች። ለወለሉ ብዙም አይደለም፤ 3 ለሚሞላው ጎኗ ግን ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ስትመለስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቆላ ላይ ጢም አድርገህ ሞልተህ ዳገቱን ብትወጣ፣ እያደር ትወጠርና ስፌቷን ታስጨንቀዋለህ። የደጋ ሰው ከሆንክ ጀልባህን ውሃው ዳር ንፋ፣ ውሃው ዳር አስተንፍስ። ፀሐይ ላይ ተነፍታ ከዋለችም ትወጠራለች፤ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስታርፍ ትላላለች። እናም አሥር ደቂቃ ውሃ ላይ አቆይተህ እንደገና ለካ።»

ቶናው ቀረበ። ወዳጄ ግን ሐሳቡ ሌላ ነበር።

«ላንጋኖ ድረስ ምን አደከመን? አዋሽ እዚሁ ከሥራችን ነው። በዴራ ወርደን መልካሳ ላይ ብንጥላትስ? ፈረንጆች በተነፋ ጀልባ ወርደውት የለም እንዴ?»

«ወርደውታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሪቻርድ ባንግስና ጆን ዮስት የተባሉ ወጣት አሜሪካውያን ከጓደኞቻቸው ጋር አዋሽን በተነፋ ጀልባ ወርደው፣ ከዚያ ወደ ኦሞ ወንዝ አለፉ። የጉዞ ድርጅታቸውን ‹ሶቤክ› አሉት፤ የጥንት ግብፆች የአዞ አምላክ ስም ነው።»

«አዞን ምን አመጣው?»

«እሱን አዋሽን ጠይቀው። ደግሞ ያ ዓመት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወለደበት ነው።»

«እሱ ግን በእግሩ ሄደ» አለ ወዳጄ። «ብልህ ሰው።»

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ የእንግሊዝ ጦር መኮንኑ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል በርካታ ሰዎች ይዞ ዓባይን በሚነፉ ጀልባዎች መውረዱን ነገርኩት። ከአባላቱ አንዱ ውሃ ሲሻገር ሰጥሞ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ ምንጭ ተነሥተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ባሕር ደርሰዋል።

«እንግዲያው! የእነሱም የተነፋ፣ የእኔም የተነፋ። ያው ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። የብላሽፎርድ ስኔል ጀልባ ሰፊ፣ ጎኑ ወፍራም፣ ድንጋይ ሲመታው ነጥሮ የሚመለስ ነበር። ያንተዋ ጠባብ ናት፣ የተሠራችው ጸጥ ባለ ውሃ ላይ በፍጥነት ቀጥ ብላ እንድትሄድ ነው። ፏፏቴ ውስጥ ይሄው ብቃቷ ይገለብጥሃል። የእኛ አዋሽ ደግሞ ዝም ብሎ የሚፈስ ወንዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ቆቃ ላይ ተገደበ፣ ከቆቃ በታችም አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የኃይል ማመንጫዎች አሉ። ውሃ ሲለቀቅ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል።»

«ቀለታ ወንዝስ?»

«በበጋ ድንጋዩን ትቆጥርበታለህ። በክረምት የአርሲን አፈር ተሸክሞ ነው የሚወርደው።»

«ዝዋይ ሐይቅስ?»

«ሰፊ ነው፣ ደሴቶቹም ያምራሉ። ግን ጉማሬ አለው፣ ቢልሃርዚያም አለው። ጥልቀቱ በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ደግሞ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጫጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ለጀማሪ አይመከርም። ላንጋኖ ቡናማ ነው እንጂ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመባል ይታወቃል።»

«ቡናማ ውሃ እኔ አልፈራም» አለ፣ ሲኒውን እያሳየኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ላንጋኖ ወረድን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው እንደ ሰሃን ተኝቷል። ዳርቻው ላይ የነበረ የጀልባ ሠራተኛ የወዳጄን ሁኔታ አየና ሳንጠይቀው ሁለት ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት አውጥቶ ወረወረልን። ሻንጣው ውስጥ የጎደለው ያኔ ገባን። ለማስቲሽ ቦታ የተገኘበት ሻንጣ ለነፍስ አልተገኘበትም።

መጀመሪያ ክንፏን ሳንሰካ ሞከርናት። በየቀዘፋው አፍንጫዋ ግራ ቀኝ ይላል፣ ወዳጄ ወደ ፊት ለመሄድ ይቀዝፋል፣ እሷ ዙሪያዋን ለመጎብኘት ትዞራለች። ክንፏ ስትሰካ ግን ሌላ ጀልባ ሆነች። ከዳር ካለው ግራር እስከ ሩቁ ድንጋይ ቀስት እንደተወረወረ ቀጥ ብላ ሄደች፣ መቅዘፉን ሲተው እንኳ የተወሰነ ርቀት በራሷ ትንሸራተታለች። ለፍጥነቷ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

ሚዛኗ ላይ ግን ተከራከርን። «ያልተገራ ፈረስ ናት» አለኝ። ቁጭ ብሎ ወገቡን ሲያላላ ትረጋለች፣ ሲደነግጥና ሲገተር ትናጣለች። ከዚያ ዋናው ፈተና መጣ። ደረቱ በሚደርስ ውሃ ላይ ሆን ብሎ እንዲገለበጥ አዘዝኩት።

«ለምን ብዬ?»

«ሳታስበው ከምትገለበጥ አስበህበት ብትገለበጥ ይሻላል።»

ተገለበጠ። ጃኬቱ ቶሎ አወጣው። ጀልባዋን ገልብጦ አቃናት። ከጎኗ ተንጠላጥሎ ልግባ ሲል መልሳ ደፋችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ደረቱን መሃሏ ላይ ጥሎ፣ እግሩን ውሃው ላይ እያራገበ፣ እንደ ዓሣ ተሳበና ገባ። ዳር ላይ ያሉ ልጆች አጨበጨቡ። ይህንን ብቻውን ማድረግ ያልቻለ ሰው ከዳር መራቅ የለበትም።

5 ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ተነሣ። ቀላልነቷ ጠዋት በረከት ነበር፣ አሁን ዕዳ ሆነ። የተነፋ ጎኗ ከውሃው በላይ ከፍ ስለሚል ነፋሱ እንደ ቅጠል ይነዳታል። እኛ ግን ስንወጣ ነፋሱ ይመጣበታል ወደተባልነው አቅጣጫ ነበርና የሄድነው፣ ሲመጣ እየገፋ ወደ መነሻችን መለሰን። በተቃራኒው ሄደን ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ሌላ ነበር።

ከምሳ በኋላ ልናጥፋት ስንል አስቆምኩት። ወለሉ ከጎኑ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ ውሃና አሸዋ ቀርቷል። እንዲህ ብትታጠፍ ትሻግታለች፣ አሸዋውም ሸራዋን ይፍቃታል። ጥላ ሥር ገልብጠን እስክትደርቅ ጠበቅን።

«ጣና ላይ ታንኳ ከውሃ እያወጡ የሚያቆሙት ለዚህ ነው?» አለኝ።

አዎ ለዚህ ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ታንኳ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ደንገሉ የሚንሳፈፈው ደግሞ ግንዱ በአየር ስለተሞላ ነው። እንግዲህ ታንኳም የተነፋ ጀልባ ነው፤ ልዩነቱ የነፋው ፈጣሪ መሆኑ ነው። የጣና ቀዛፊም ጠዋት ይወጣል፣ ነፋስ ይፈራል፣ ጀልባውን ያደርቃል። ወዳጄ 4 ሜትር በማትሞላ የውጭ ዕቃ ላይ ተቀምጦ የተማረው ሁሉ እዚያ የቆየ ዕውቀት ነው።

«እንግዲህ ፍረድ» አለኝ፣ ወደ ሲሬ ስንመለስ።

ፈረድኩ። ለላንጋኖ ጠዋት ጥሩ ጀልባ ናት፤ ፈጣን ናት፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ በትከሻ ትያዛለች። ለላንጋኖ ከሰዓት አትሆንም። ለአዋሽ ጨርሶ አትሆንም። ችግሩ ከጀልባዋ አይደለም፣ ለዚያ ውሃ አልተሠራችም። ላይፍ ጃኬት ለሌለው ሰው ደግሞ ለገንዳም አትሆንም።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። የእህቱን ልጅ ሁለት ጃኬት እንዲልክ አዞታል፣ አንዱ ለእኔ ነው። ሻንጣዋንም ከጤፉ ማዳበሪያ አርቆ አስቀምጧታል።

እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ስጦታ ከመጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጃኬቱን ግዙ፣ ቀጥሎ ውሃውን ምረጡ፣ ጀልባዋን መጨረሻ ንፏት።