ሼክ ወይስ ዳሎ? ከሐርጌሳ ተነስቶ ተራራ ላይ ማረፍ

ሶማሌላንድ በረዶ የሚነጠፍበት ተራራ የላትም። በአፍሪካ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት የሚኬድባቸው ስፍራዎች ጥቂት ሲሆኑ፣ ከሚታወቁት መካከል በሞሮኮ አትላስ ተራሮች ላይ ያለው ኡካይመደንና በሌሶቶ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር በላይ የሚገኘው አፍሪስኪ ይጠቀሳሉ። ከሐርጌሳ ወደዚያ ለመሄድ የአውሮፕላን ትኬቱ ብቻ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። የሶማሌላንድን ፓስፖርት የሚቀበሉ አገሮችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በከተማዋ የሚኖር ሰው፣ አገሬውም ሆነ ከኢትዮጵያ ለሥራ የሄደው፣ ተራራ ላይ ጥቂት ቀን ማረፍ ሲያምረው የሚያገኘው ቀዝቃዛ አየር፣ ጭጋግና የጥድ ደን ነው። እነዚህም የሚገኙት የኤደንን ባሕረ ሰላጤ እየታከከ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚዘረጋው የተራራ ሰንሰለት ላይ ነው። ገንዘቡንና የዕረፍት ቀኑን ቆጥሮ ለሚያቅድ ሰው ሁለት ስፍራዎች ምርጫ ይሆናሉ፤ በጎሊስ ተራሮች ላይ ያለችው ሼክና ከኤሪጋቦ ከተማ በስተሰሜን ያለው የዳሎ ገደል። ሁለት ጸሐፊዎች በዚህ ላይ ይሟገታሉ።

አንደኛው ጸሐፊ፦ ለሼክ

የዕረፍት ጉዞ ሲታቀድ በቅድሚያ የሚቆጠረው ቀን ነው። በቀን ታስቦ የሚከፈለው ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ ቢቀር፣ ያጣው ደመወዝ ከመኪናው ኪራይ ሊበልጥ ይችላል። ሼክ ግን ሁለት ሌሊት ይበቃታል። ከሐርጌሳ እስከ በርበራ ያለው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከበርበራ ወደ ቡርኦ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ጉባን የሚባለውን የጋለ የባሕር ዳር ሜዳ አቋርጦ የጎሊስን ተራሮች እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሼክ የምትገኘው ልክ ዳገቱ ሲያልቅ ነው። ሜዳው ላይ ላብ ያጠመቀው መንገደኛ ዳገቱን ሲጨርስ አየሩ ተለውጦ ያገኘዋል፤ ዞር ብሎ ሲያይ የመጣበት መንገድ ከታች እንደ ክር ቀጥኖ ይታየዋል። ይህን ለማየት ልዩ መኪና አያስፈልግም። ከበርበራ ወደ ቡርኦ የሚሄድ ማንኛውም የሕዝብ ማመላለሻ በዚያው ያልፋል።

ሼክ ለዕረፍት የተመረጠችው ዛሬ አይደለም። የእንግሊዝ አስተዳደር ዋና ከተማውን እ.ኤ.አ. በ1941 ወደ ሐርጌሳ ከማዛወሩ በፊት መቀመጫው በርበራ ነበረች። በርበራ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሹማምንቱ በዚያ ወራት ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ሼክ ይወጡ ነበር። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ግን ከከተማዋ አጠገብ ያለው የፈርዶውሳ ፍርስራሽ ነው። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ያጠኑት ይህ የመካከለኛው ዘመን የአዳል ከተማ ከበርበራ ወደ መሃል አገር በሚወጣው የሲራራ ንግድ መንገድ ላይ ነበር። የአዳልን ታሪክ ከኢትዮጵያ በኩል ብቻ ያነበበ ሰው እዚህ ሲቆም ታሪኩን ከሌላኛው ጫፍ ያየዋል። ግንቡ ዝቅ ብሎ ድንጋዩ ተበትኗል፤ ነገር ግን ጨው፣ ጨርቅና ዕጣን የተጫነ ግመል በዚህ በኩል እንዳለፈ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

መንገዱ ራሱ የጉዞው ግማሽ ነው። የላስ ጌል የዋሻ ሥዕሎች ከሐርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓለም ያስተዋወቃቸው እነዚህ ሥዕሎች፣ አንገታቸው በጌጥ የተሸለመ ላሞችን በቀይና በነጭ ቀለም ያሳያሉ። ወደ ስፍራው ለመግባት ፈቃዱ አስቀድሞ ከሐርጌሳ ስለሚወጣ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ማስጨረስ ይገባል። ሲመለሱ በርበራ ላይ በባታላሌ የባሕር ዳርቻ መዋኘት ይቻላል። በሦስት ቀን ውስጥ ዋሻ፣ ተራራና ባሕር ይታያሉ።

ወጪውም የታወቀ ነው። የውጭ አገር ሰው ከሐርጌሳ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የፖሊስ ጠባቂ እንዲያስከትል ይጠየቃል፤ የጠባቂው አበል፣ የሾፌሩ አበልና የመኪናው ኪራይ ሁሉም በቀን የሚታሰቡ ናቸው። አንድ ቀን ሲጨመር ሦስቱም ይጨምራሉ። ክፍያው በዶላር ወይም በዛድ የሞባይል ገንዘብ ይፈጸማል። ሼክ ከተማ ስለሆነች ቁርስ ላሆህና ሻይ ይገኛል፤ ላሆህ ከእንጀራ ጋር የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ አይቸገርም።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ለዳሎ

በሼክ ክርክር ውስጥ አንድ ቁጥር ተዘሏል። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል 1,330 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ሼክ ደግሞ 1,430 ገደማ። ልዩነቱ መቶ ሜትር ነው። ከበርበራ ለሚመጣ ሰው ሼክ ተራራ ናት። ከሐርጌሳ ለሚነሳ ሰው ግን ወደ ባሕሩ ወርዶ ተመልሶ የራሱ ከተማ ከፍታ ላይ መድረስ ነው። ለእንግሊዞቹ ሹማምንት የሠራው ምክንያት ለሐርጌሳ ነዋሪ አይሠራም።

ኤሪጋቦ ወደ 1,800 ሜትር ትጠጋለች፤ ከእርሷ በስተሰሜን የዳሎ ገደል ጫፍ 2,000 ሜትርን ያልፋል። በዚሁ የተራራ ሰንሰለት ላይ ያለው ሺምቢሪስ ከ2,400 ሜትር በላይ ሲሆን የሶማሌላንድ ከፍተኛው ቦታ ነው። ሆኖም ከቁጥሩ ይልቅ መታየት ያለበት ቁጥሩ የሚያመጣው ነገር ነው። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚነሳው እርጥብ አየር ከገደሉ ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ ሲገፋ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቅዞም ጭጋግ ይሆናል። ከታች ያለው የባሕር ዳር ሜዳ ዝናብ አጥቶ ሲነድ፣ ከላይ ያለው የጥድ ደን ከጭጋጉ ይጠጣል። ይህ ጥድ በመናገሻ ሱባ ደን ያለው የሐበሻ ጥድ ራሱ ነው። ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው በበረሃ አገር ተጉዞ ተጉዞ፣ ከልጅነቱ የሚያውቀውን የጥድ ሽታ በገደል አፋፍ ላይ ያገኛል፤ በቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበትም ያው ነው። ይህን የሚያህል ነገር ከሐርጌሳ በመኪና በሚደረስበት በሌላ ስፍራ አይገኝም።

ከጫፉ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ የታባህ መተላለፊያ ይባላል። በመውረድ ላይ ዕፅዋቱ ደረጃ በደረጃ ይለዋወጣሉ። ጥዱ ከላይ ይቀራል፤ ዝቅ ሲባል ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ይጀምራል። ከዚህ አካባቢ የሚወጣው መይዲ የተባለ ዕጣን ከኢትዮጵያው ዕጣን በዛፍ ዓይነቱ ይለያል፤ ነጋዴዎች በጥንቃቄ ለይተው በየደረጃው ይሸጡታል፤ በዓረብ አገሮች እንደ ማስቲካም ይታኘካል። መንገዱ የሚያበቃው ባሕሩ ዳር በመይድ ነው፤ እዚያ የኢሳቅ ጎሳ አባት ሼክ ኢሳቅ መቃብር አለ። ስለ ወፎች የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዓለም ላይ በዚህ አካባቢ ብቻ የምትኖረውን የዋርሳንገሊ ወፍ ለማየት መነጽሩን ይይዛል። የአገሬው ሰው ለስፍራው ያለውን ክብር ለማወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው ዳሎ አየር መንገድ ስሙን ከየት እንደወሰደ ማስታወስ ይበቃል።

መንገዱ ረጅም መሆኑ አይካድም። በበርበራና በቡርኦ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቡርኦ ወደ ኤሪጋቦ የሚወስደው መንገድ ለብዙ ዘመን ጥርጊያ ነበር፤ አስፋልቱ የተጀመረው ከሶማሌላንድ መንግሥት ገንዘብ ጋር ሕዝቡና በውጭ ያሉ ተወላጆች ባዋጡት ነው። ጥሩው ዕቅድ ስድስት ቀን ይፈልጋል፤ ቡርኦ ማደር፣ በማግስቱ ኤሪጋቦ መግባት፣ ሁለት ቀን ገደሉ ላይ መቆየት፣ በሁለት ቀን መመለስ። ቡርኦ የሚታደረው እግረ መንገዱን ትልቁን የከብት ገበያ በጠዋት ለማየት ጭምር ነው። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይህ ውድ ነው። አምስት ሰዎች በአንድ ላንድክሩዘር ከሄዱ ግን ኪራዩ ለአምስት ይከፈላል፤ ተራራው ላይ ደግሞ ድንኳን ስለሚተከል የሆቴል ወጪ የለም።

የአንደኛው ጸሐፊ መልስ

በምሥራቅ በኩል ያለው ጉዳይ ርቀት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በምሥራቅ ባለችው በላስ አኖድ ከተማ የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። ኤሪጋቦና ዳሎ ያሉበት የሳናግ ክልልም በሶማሌላንድና በፑንትላንድ መካከል ሲያከራክር የኖረ ነው። ልጆች ያሉት ቤተሰብ የዕረፍት ቀኑን አስፈቅዶ፣ ለመኪናው ቀብድ ከፍሎ፣ መነሻው ጠዋት መንገዱ ተዘግቷል ቢባል ቀኑም ቀብዱም ይጠፋሉ። ከፍታና ጥድ ብቻ የሚፈልግ ሰው ቢሆን እንኳ ይህን ሁሉ መሄድ የለበትም። በሐርጌሳና በበርበራ መካከል፣ ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ፣ ጋአን ሊባህ የተባለው ተራራ አለ፤ ትርጉሙ የአንበሳ መዳፍ ማለት ነው። ከሼክ ይበልጥ ከፍ ይላል፤ ጥድም አለው፤ የሚፈልገው ከባድ መኪናና መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር ነው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። የዳሎ ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም፤ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ከዘርም ቢሆን አድጎ ዛፍ ለመሆን ብዙ ዘመን ይፈጅበታል። ድንኳን ተክሎ ማገዶ የሚለቅም ጎብኚ ደኑን በጥቂት ዓመት ሊያሳሳው ይችላል። ሼክ ሲኬድ የሚታደረው ከተማ ውስጥ ነው፤ ማንም ዛፍ አይነካም።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

ስለ ጸጥታው የተነገረው ትክክል ነው፤ በዕቅዱ ውስጥም ይገባል። ከመነሳት አንድ ሳምንት በፊትና እንደገና ከቡርኦ ላይ፣ ከኤሪጋቦ የመጣ ሾፌር ይጠየቃል። ምላሹ ጥሩ ካልሆነ ከቡርኦ ተመልሶ ሼክ ማደር ይቻላል፤ ሼክ በመንገዱ ላይ ስላለች የሚጠፋ ነገር የለም። ይህ የዳሎ ዕቅድ ሼክን በውስጡ ይይዛል ማለት ነው። የሼክ ዕቅድ ግን ዳሎን አይይዝም።

ስለ ደኑ የተነሳው ስጋት ከሁሉም የከበደ ነው፤ መልሱም ከጎብኚው ጓዝ ይጀምራል። ጥዱን እስካሁን የጎዳው በዋናነት እንጨት ቆራጭና ከሰል ነው፤ በአካባቢው ያለ ሰው ከቆመ ዛፍ ገቢ ሳያገኝ የተቆረጠውን ቢሸጥ አይፈረድበትም። ከኤሪጋቦ መሪ የሚቀጥር፣ ከአርብቶ አደሩ ወተትና ፍየል የሚገዛ ጎብኚ ለቆመው ዛፍ ዋጋ ይሰጠዋል። የሚቀጣጠለው እሳት ግን ከደኑ መሆን የለበትም፤ የጋዝ ምድጃ ከሐርጌሳ ይጫናል። ውኃም እንዲሁ ከከተማ ይሞላል። ጉ የተባለው የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ካለፈ በኋላ ሣሩ ለምልሞ መንገዱ ደርቆ ይገኛል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው የጅላል ወራት ለሚሄድ ሰው ደግሞ ሌሊቱ በጣም ይበርዳል፤ ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ በሻንጣው አናት ላይ ይቀመጣሉ።