ጃንዋሪ 1 የተወለዱት እማማ

ለመሆኑ አንድ ሰፈር ሙሉ አዛውንት በአንድ ቀን ይወለዳል? ጋምቤላ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ሄጄ የእኝህን እናት ወረቀት ባይ ጃንዋሪ 1 ይላል፤ የጎረቤታቸውም እንደዚሁ። የልደት ቀኑን ለማያውቅ መዝጋቢ የሚሞላለት ቀን ነው አሉኝ። ወይ ጉድ!

እማማ ኑዌር ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው አስተረጎመልኝ። መቼ ተወለዱ ብላቸው እናታቸው የነገሯቸውን አወጉኝ፤ ውኃው ጎጆው ደጃፍ የደረሰበት ዓመት ነው። ልጅ ሳሉ ናስር፣ ሶባት ወንዝ ዳር ቆመው፣ ክረምት ሲገባ ከካርቱም ወደ ጋምቤላ የሚሄደውን መርከብ ያዩ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ውል ለእንግሊዝ የፈቀዱት የንግድ ጣቢያ መሆኑ ነው። ቡናችን በዚያ ወረደ፤ ጨውና ጨርቅ በዚያ ወጣ። ሱዳን በ1948 ነፃ ስትወጣ እማማ ለአቅመ ሔዋን ደርሰው ነበር።

በ1975 ጦርነት ሲነሳ ኢታንግ ተሰደዱ። ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ደግሞ በእግራቸው ወደ ናስር ተመለሱ። ሁለት ልጆቻቸውን የቀበሩት በዚያ መንገድ ነው። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ አስተርጓሚው ግን ዝም አለ። ለካ እሱም ሰምቶት አያውቅም!

ሳያርፉ፣ በዚያው ነሐሴ የኤስፒኤልኤ አዛዦች እዚያው ናስር ላይ ተከፋፈሉ፤ ወንድም ወንድሙን ገደለ። ሐምሌ 2003 ደቡብ ሱዳን አገር ሆነች ተባለና እማማ ጨፈሩ። ታኅሣሥ 2006 ጦርነት፤ ግንቦት ላይ ኩሌ። ኩሌ እኮ ከዚያች ከድሮዋ ኢታንግ ሩቅ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ዞረው እዚያው!

በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ ልደቱን እንዲያስመዘግብ ፈቅዷል። ደግ ነው፤ ዛሬ ኩሌ የሚወለድ ሕፃን እውነተኛ ቀኑ ይጻፍለታል። የአያቱስ ዕድሜ? ስለ ጋምቤላ ወደብ ሲጻፍ የሚጠቀሰው የእንግሊዝ ሹማምንት ሪፖርት ነው። መርከቡን ከዳር ቆመው ያዩትን እናት ግን ቴፕ ይዞ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸው እንደነገሩኝ። በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ ብለን ስንፎክር የታሪክ ተማሪዎቻችንን ለአንድ ክረምት እዚህ መላክ ምን ያህል ገንዘብ ይፈጃል? የአንድ ዎርክሾፕ አበል አይሆንም።

ስወጣ የልጅ ልጃቸውን ስልክህ ድምፅ ይቀዳል ወይ አልኩት። ይቀዳል አለኝ። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ፣ ከመንገዱ ነው የምጀምረው አለኝ።