የጫንጮ የድሮ ካርታ ማን ዘንድ ነው?

የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ የጎጃምን መንገድ የያዘ ሰው የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ጫንጮ ይደርሳል። በክረምት ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፤ ውኃው ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይወርዳል። በበጋ ሣር ይታጨድበታል፣ ከብት ይሰማራበታል። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ግን አጥር፣ ፋብሪካ፣ የአበባ እርሻና አዲስ መንደር ገብቶበታል። ረግረጉ እስከ የት ይደርስ እንደነበር፣ ጅረቱ በየት በኩል ይሄድ እንደነበር በቃል የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለቁ ነው። በወረቀት የሚመሰክረው የመንግሥት ካርታ ነበር። እሱም ቢሆን ሳናስተውለው ከእጃችን እየወጣ ነው።

ይህ ካርታ በቀላሉ የተሠራ አይደለም። የካርታና ጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1940ዎቹ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ ጋር በተደረገ ስምምነት የጋራ የካርታ ሥራ ተልዕኮ ተጀመረ። አውሮፕላኖች አገሪቱን ከላይ ፎቶ አነሡ፤ የአሜሪካ ጦር 64ኛ መሐንዲስ ባታሊዮን ቀያሾችና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው በሄሊኮፕተር ተራራ ጫፍ ላይ እየወረዱ የመለኪያ ነጥብ ተከሉ። ከዚያ ወዲህ ለወጡት ካርታዎች ያ ሥራ አንዱ መሠረት ሆነ። በተለይ የ1፡50,000ውን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያየ ሰው ምን ያህል እንደተደከመበት አይጠፋውም። አንድ ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው። አንዱ ሉህ በእያንዳንዱ ጎኑ 27 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ይይዛል፤ አገሪቱን በሙሉ ለመሸፈን ከ1,400 በላይ ሉህ ያስፈልጋል። ከፍታውን ቡናማ መስመር፣ ወንዙን ሰማያዊ፣ ደኑን አረንጓዴ ያሳያል። ቤቶቹ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ናቸው። በዛሬ የሳተላይት ምስል ላይ የማይገኝ ነገርም አለው፤ የትንሹ መንደርና የጅረቱ ስም ተጽፎበታል።

ታዲያ ምን ነካው? ወረቀት ያረጃል፣ እርጥበትም ይበላዋል፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይመስለኝም። ተቋሙ ከኢንስቲትዩት ወደ ድርጅት፣ ከዚያ ወደ ኤጀንሲ፣ በኋላም ወደ ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተለወጠ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከስፔስ ሳይንስ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ሆነ። ሳተላይት ሊኖረን ይገባል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ለውጥ ትኩረቱ ወደፊት ብቻ ሆነና የድሮው ሉህ ጊዜው እንዳለፈበት ዕቃ ተቆጠረ። ለሕዝብም ክፍት አልነበረም። ለዓመታት አንድ ሉህ ለመግዛት ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት ግድ ነበር። ደብዳቤ የሚጽፍለት የሌለው ገበሬ ወይም የአካባቢ ታሪክ አጥኚ ደጁን አይረግጥም። ተጠቃሚ የሌለው መዝገብ ደግሞ ሲጠፋ የሚጮኽለት የለም።

በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ጣሊያኖች ያነሷቸው የአየር ፎቶዎች ምን እንደገጠማቸው ማየት ይበቃል። በጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ከ8,000 በላይ የፎቶ ስብስቦች እዚሁ አዲስ አበባ፣ በካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ግምጃ ቤት ለአሥርት ዓመታት ተረስተው ቆዩ። ዋጋቸው የታወቀው የቤልጂጉ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ከኤጀንሲው ጋር ሆነው ስካን ሲያደርጓቸው ነው። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ግን እስኪመጡልን መጠበቅ አልነበረብንም። ኢትዮጵያን የሚያካትቱ የጦር ካርታዎችን ዛሬ ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ማውረድ ይቻላል፤ የሶቪየት ጦር ካርታዎችም በኢንተርኔት ይገኛሉ። የ64ኛው ባታሊዮን አባላት እንኳ የኢትዮጵያ ትዝታቸውንና ፎቷቸውን በኢንተርኔት አኑረዋል። የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተማቸውን የገዛ አገሩን ካርታዎች፣ ከ170,000 በላይ ሉሆች፣ ማንም በነፃ እንዲያወርዳቸው ክፍት አድርጓል።

ለምስጢርነቱ ሁለት ምክንያት ይቀርባል። አንዱ ጸጥታ ነው። ማንም ስልክ የያዘ ሰው የእያንዳንዱን ቤት ጣሪያ ከሳተላይት በሚያይበት ዘመን፣ የሃምሳ ዓመት ካርታ የሚደብቀው ምስጢር አይታየኝም። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ የድሮ ካርታ የወሰን ክርክር ይቀሰቅሳል ይባላል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ይህ ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያጣምር የነበረው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ቀስቅሶ፣ ብዙ ሕይወት ካለፈ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ተሠርዟል። ሆኖም ያንን ቁጣ የወለደው የካርታ መብዛት አልነበረም። ገበሬው መሬቱ የት እንደሚመደብ ማየት አልቻለም፤ ወረቀቱ በሌላ ሰው እጅ ነበር። ለገበሬው የተሰጠው የመጀመሪያው ዙር የመሬት ይዞታ ደብተር ራሱ በአብዛኛው ካርታ አልነበረውም፤ ማሳው የሚታወቀው በአዋሳኞቹ ስም ነው። ማስረጃ ሲደበቅ ክርክሩ አይቀርም፤ ደብዳቤና ዘመድ ያለው ብቻ ይረታል።

ስካን ማድረግ ብቻውን ግን አይበቃም። ብዙዎቹ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፤ ስሙ የመጣው ዛሬ በናስር ሐይቅ ሥር ካለች የኑቢያ መንደር ነው። የዚህን ካርታ ነጥብ ሳያስተካክል እንዳለ ወደ ስልክ ጂፒኤስ የሚያስገባ ሰው ከ100 ሜትር በላይ ይስታል። በጫንጮ ዙሪያ 100 ሜትር የአንድ ቤተሰብ ማሳ ነው። ይህን የሚያውቁት ነባር ባለሙያዎች ጡረታ ሳይወጡ፣ ከወጡም ተጠርተው፣ የየሉሁን የኅትመት ዓመት፣ የፎቶውን ዘመንና የልኬት መነሻውን አብረው ሊመዘግቡ ይገባል። አለዚያ ምስሉ ይቀመጥና ትርጉሙ ይጠፋል።

ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ካርታና የአየር ፎቶ ሁሉ ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ይከፈት እላለሁ። ሥራው ለውጡ ከበረታባቸው ከሱሉልታ፣ ከቡራዩና ከሰበታ ይጀመር። ኢንተርኔት ለማይደርሰው ገበሬ ደግሞ የቀበሌው ሉህና የ1950ዎቹ የአየር ፎቶ ታትሞ፣ ማብራሪያው በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ፣ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።