ስለ ማናንታሊ ግድብና ከውሉ ውጭ ስለ ቀረው ገበሬ

አንድ ወንዝ የብዙ መንግሥታትን ምድር የሚያጠጣ በሆነ ጊዜ፣ መንግሥታቱ በጉባኤ ተቀምጠው ግድቡን የጋራ ሀብት ካደረጉትና ጥቅሙን በድርሻ ከተካፈሉት ፍትሕ ተፈጸመ የሚለው አሳብ በመሐንዲሶችም በዲፕሎማቶችም ዘንድ እንደ ቀኖና ጸንቶ ይኖራል፤ እኔ ግን በነገሥታትና በመንግሥታት መካከል የሚደረግ ፍትሕ በወንዙ ዳር ለሚኖረው ሕዝብ የሚገባውን ፍትሕ ከቶ ሊተካው አይችልም እላለሁ።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ፣ ብዙዎች እንደ አብነት የሚያመሰግኑት የሴኔጋል ወንዝ ነው። ማሊ፣ ሞሪታንያና ሴኔጋል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1972 ወንዙን በጋራ የሚያለሙበትን ማኅበር መሠረቱ፤ በማሊ ምድር የሴኔጋል ገባር በሆነው በባፊንግ ወንዝ ላይ የተሠራውና 11 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዘው የማናንታሊ ግድብም በ1988 ተፈጸመ። መስኖም፣ መብራትም፣ የመርከብ መንገድም ከዚሁ ይገኛል ተብሎ ነበርና፣ 200 ሜጋ ዋቱ ኃይል ለማሊ 52፣ ለሴኔጋል 33፣ ለሞሪታንያ 15 በመቶ ሆኖ በጥንቃቄ ተመደበ።

ዳሩ ግን ወንዙ ከውሉ አስቀድሞ የራሱ ሥርዓት ነበረው። በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ያለብስና፣ ሲጐድል በጣና ዙሪያ ባሕር ሸሽ እንደሚባለው ያለ ርጥብ መሬት ትቶ ይመለሳል፤ ገበሬውም ያለ ሞተርና ያለ ማዳበሪያ ማሽላውን ይዘራበታል፤ ዓሣው በዚያው ጎርፍ ይራባል፤ ከመከሩ በኋላም የዘላኑ ከብት ገለባውን ይግጣል። ተርባይን ግን ዓመቱን ሙሉ በልክ የሚወርድ ውኃ የሚሻ ስለ ሆነ፣ ለእርሻው ሲባል የሚለቀቀው ጎርፍ በዕቅድ አውጪዎቹ መዝገብ ላይ እንደ ባከነ መብራት ተጻፈ፤ የሚሸጥ ነገር ዋጋ አለው፣ ሳይሸጥ የሚበላ እህል ግን ዋጋ የለውምና። በጎርፉ ምትክ ይመጣል የተባለው 375,000 ሄክታር መስኖ እስከ ዛሬ አልተፈጸመም።

ለማናንታሊ ግድብ ሲባል በሸለቆው የሰፈሩ ከ10,000 የሚበልጡ ሰዎች ከርስታቸው ተነቀሉ። የባሕሩን ጨው እንዲከለክል በ1986 በታችኛው ወንዝ የተሠራው የዲያማ ግድብም ውኃውን ዓመቱን ሁሉ ጣፋጭ ቢያደርገው፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በዛበት፤ ወዲያውም በሴኔጋል ባለችው በሪሻር ቶል ከተማ የአንጀት ቢልሃርዚያ ተነሣ።

በ2002 የወጣው የውኃ ቻርተር የጎርፉን ጥቅም ማሰቡን አልክድም፤ ይሁን እንጂ ያሰበው ግድቡ ቆሞ፣ ውኃው ከታሰረና ኃይሉ ከተከፋፈለ በኋላ ነው። በአፍሪካ ወንዞች ላይ ወደ ፊት የጋራ ግድብ የሚያቅዱ ሁሉ፣ የመሠረቱ ድንጋይ ሳይጣል የሚለቀቀውን ጎርፍ መጠንና ወራት በውሉ ይጻፉ፤ ውኃ በሚያንስበትም ዘመን ከመብራቱና ከእርሻው ማን እንደሚቀድም፣ ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁና ከብት አርቢው በጉባኤው ተቀምጠው አብረው ይወስኑ።