ስሙን የሳተ በሽታ መድኃኒቱንም ይስታል

አንባቢ ሆይ! እኛ ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ተማሪዎች ነን። በዚህ ገጽ ስለ ግጥምና ስለ ቅኔ ብዙ ተብሏል። ዛሬ የምንሟገተው ግን ስለ ተራ ቃል ነው፤ ያውም ሰው ስለሚገድልና ሰው ስለሚያድን ቃል። ነገራችን አጭር ነው፦ የአንጎልና የነርቭ በሽታ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ እውነተኛ ስም ካላገኘ፣ ሕመምተኛው ሐኪም ፊት ቀርቦም አይድንም።

በአንድ ጤና ጣቢያ ያየነውን እንናገር። አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ከገጠር መጡ። የልጁ ክንድ በምድጃ እሳት ተቃጥሏል። «ምን ሆኖ ነው፣ እናቴ?» ቢባሉ አንገታቸውን ደፍተው «ይጥለዋል» አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ባርያ ነው ይላሉ፣ ጌታዬ» ሲሉ ጨመሩ። ባለሙያው በካርዱ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈ፤ ለቃጠሎው ቅባት፣ ለሚጥለው በሽታ ክኒን አዘዘ፤ ስለ በሽታው ግን አንዲት ነገር አልነገራቸውም። እናትየው ክኒኑ ለቃጠሎው መስሏቸው ቁስሉ ሲደርቅ አቋረጡት። ልጁም እንደገና ወደቀ። ጥፋቱ የማን ነው? የእናትየው ነው እንዳትሉን!

«ባርያ» በኛ አገር ሰውን የሚጥል መንፈስ ስም ነው። ባርነትን የሚጠራ ስድብም ነውና በአንድ አፍ ሁለት ሰው ያዋርዳል። ስሙ መንፈስ ከሆነ ሕክምናው ክታብና ክብሪት ጭሮ ማሽተት ይሆናል። ይባስ ብሎ «ለሃጩ ይጋባል» ስለሚባል እሳት ላይ የወደቀውን የሚያነሣ ይጠፋል። አይጋባም! ጸበሉን አንነቅፍም፤ ወላጆቻችን የሚያምኑበት ነው። የምንነቅፈው ክኒኑን የሚያስጥለውን ስም ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ ገጠር አጥንተው በ1982 ዓ.ም. ገደማ ባሳተሙት ጽሑፍ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት አሳይተዋል። አብዛኞቹ ደግሞ መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም ነበር። ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ክኒን እኮ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ነው!

«የሕክምና ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ አይችለውም» የሚሉን ወንድሞች አሉ። እስቲ ይህን ይመልሱልን፦ «ኤፒለፕሲ» የተባለው ቃል ከየት መጣ? ከግሪክ ነው፤ ትርጉሙም «መያዝ» ነው። እናቶቻችን «ያዘው» ከሚሉት በምን ይበልጣል? «ነርቭ» የተወለደበት የግሪክ ቃልስ መጀመሪያ ትርጉሙ ምን ነበር? ጅማት! ገበሬው «ጅማቴን ያመኛል» ሲል የሚስቅበት ተማሪ በማን ላይ እንደሚስቅ አያውቅም። ግሪኮች የጎረቤቶቻቸውን ተራ ቃል አንሥተው በምርመራ አጠሩት። በሂፖክራተስ ስም የሚታወቀው የዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ ጽሑፍ ይህ በሽታ ከአንጎል እንጂ ከአማልክት አይመጣም ብሎ የተሟገተው በገዛ ቋንቋው ነው።

አማርኛም ይችላል፤ ችሎም አሳይቷል። ማጅራት ገትር የሚለውን ስም ተመልከቱ። በሽታው የአንጎልና የሕብለ ሠረሠር ሽፋን ሕመም ነው፤ ስሙ ግን ምልክቱን ይዞ ይጮኻል። የልጇ ማጅራት የተገተረባት እናት መጽሐፍ ሳትገልጥ ትሮጣለች። መንጋጋ ቆልፍም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ስም ግማሽ ሐኪም ነው።

ስም ያጣ በሽታም አለን። በአገራችን ዋልካ መሬት ላይ ክረምቱ ሲወጣ ጓያ ይዘራል። ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያ አይከዳም። ነገር ግን ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ፣ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች ያጠፋል። የሰውየው እግር ይገተራል፣ ይጠላለፋል፤ ተመልሶም አይድንም። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ሐኪሙ «ላቲሪዝም» ይለዋል፤ ሕዝቡ ዝም ብሎ «ሽባ» ይለዋል። አንዳንዱም ጥፋቱን በእንፋሎቱ ወይም በገለባው ያሳብባል። «የጓያ ሽባ» ብንለውስ? ያኔ ስሙ ራሱ «ከሌላ እህል ጋር ደባልቁ፤ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉ» ብሎ ያስጠነቅቃል። «ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይላል ያገራችን ሰው፤ ፈተና ለማለፍ ብቻ የእንግሊዝኛ ቃል የምንሸመድድ እኛም ጓያ ነቃዮች ነን።

ሁሉንም በግዕዝ እንሰይም የሚሉትንም አናልፋቸውም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አሳትሟል፤ ድካሙን እናከብራለን። እኛም የቅኔ አገር ልጆች ነን፣ ግዕዝን አንንቅም። ነገር ግን በሽተኛ ሰሙ ከወርቁ እስኪለይ አይጠብቅም! በመደርደሪያ ላይ የቀረ ቃል ቃል አይደለም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። «ባርያ» ይቅር፤ «የሚጥል የአንጎል ሕመም» ይባል። ደቡብ ኮሪያውያን በ2010 እ.ኤ.አ. ግድም የዚህኑ በሽታ አሳፋሪ ስም ለውጠዋል፤ እኛን ማን ከለከለን? «ነርቭ» ለምደነዋልና ይኑር፤ «ጅማት» ጡንቻን ከአጥንት ለሚያያይዘው ይቅር። በየካርዱ የሚጻፈው በሽታ ለባለቤቱ በአማርኛ ይነገረው። እኛም ለእረፍት ቢቸናና ሞጣ ስንገባ ደብተር ይዘን እንግባ። ደነዘዘኝ፣ ነዘረኝ፣ ጠዘጠዘኝ፣ ወረረኝ፦ እነዚህ አራት ልዩ ልዩ ስሜቶች ናቸው። ካርዱ ላይ ግን ሁሉም «ሕመም» ተብለው ይቀበራሉ። እናቶቻችን የለዩትን እኛ ተምረን አደባለቅነው!

ያቺ እናት ልጃቸውን ይዘው ተመልሰው ይመጣሉ። ያን ጊዜ «እናቴ፣ ይህ የአንጎል ሕመም ነው፤ አይጋባም፤ ክኒኑን ሐኪም ሳያዝዝ እንዳያቋርጡ» የሚላቸው ሰው ይኑር። ያ ሰው ከኛ መካከል ካልወጣ፣ የተማርነው ለማን ነው?